ድንገት የሚሞቱ ጫጩቶችና የዕድሜያቸው ቀን

በዚህ ትምህርታዊ ዝግጅት የሚቀርበው ጉዳይ ከተፈለፈሉ ሁለት ወር ባልሞላቸው ጫጩቶች ላይ፣ በተለይም አካላቸው አነስተኛ በሆኑ ዝርያዎች ጫጩቶች ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ ሕመምና ሞት ነው። «ድንገት ሞቱብኝ» የሚለው አነጋገር በዶሮ አርቢዎች ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረውም ማታ ጥሬ ሲለቅሙ የታዩ ጫጩቶች ጠዋት በሩ ሲከፈት ክንፋቸውን ዘርግተው ሲገኙ ነው። ይሁን እንጂ ጫጩት በተፈጥሮዋ ሕመሟን የምትደብቅ ፍጥረት ናት፤ የደከመች ወፍ በመንጋው ስለምትረገጥና ለጭልፊት ስለምትጋለጥ፣ ጉልበቷ ተሟጦ እስኪያልቅ ድረስ ከእኅቶቿ ጋር መራመዷንና መሬት መጫሯን አትተውም። በዚህም ምክንያት አርቢው ሕመሙን የሚያየው በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለትና ሦስት ቀናት ግን የራሳቸውን ምልክት አሳይተው ያለፉ ናቸው። ከእነዚያ ምልክቶች ሁሉ ቀላሉና ማንም ሰው ያለ መሣሪያ ሊይዘው የሚችለው ጫጩቷ የሞተችበት የዕድሜ ቀን በመሆኑ፣ የዚህ ዝግጅት ትኩረት ያ ቀን እንዴት እንደሚነበብ ማስረዳት ይሆናል።

ትንሽነት ራሱን የቻለ አደጋ በመሆኑ አስቀድሞ መብራራት ይኖርበታል። ባንታም የሚለው ስም በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ ከሚገኘው ከባንተን ወደብ የተወሰደ ሲሆን፣ የአውሮፓ መርከበኞች በዚያ ያገኟቸውን ትናንሽ ዶሮዎች በወደቡ ስም ስለጠሯቸው ቀስ በቀስ ለማንኛውም ድንክ የዶሮ ዝርያ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። የባንታም እናት ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ትመዝናለች። ጫጩት በተፈለፈለችበት ቀን የሚኖራት ክብደት የእንቁላሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሆነ፣ 60 ግራም ከሚመዝን የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም ገደማ የምትመዝን ጫጩት ስትወጣ፣ 35 ግራም ከሚመዝን የባንታም እንቁላል የምትወጣው ግን 23 ግራም ገደማ ብቻ ናት። በኢትዮጵያ ባንታም ለጌጥ ከሚያረቧት ጥቂት ሰዎች በስተቀር ብዙም አትታወቅም፤ ነገር ግን የሐበሻ ዶሮ እንቁላልም በአማካይ 40 ግራም አካባቢ ስለሚመዝን ጫጩቷ ከ30 ግራም በታች ሆና ትፈለፈላለች፤ ስለዚህ ስለ ባንታም ጫጩት የሚነገረው አብዛኛው ነገር በጓሮ፣ በእናቷ ክንፍ ሥር ለምታድገው የሐበሻ ጫጩትም ይሠራል።

አካል ባነሰ መጠን ለእያንዳንዱ ግራም ሥጋ የሚደርሰው የቆዳ ስፋት ይጨምራል፤ ሙቀት ደግሞ የሚያመልጠው በቆዳ በኩል ነው። ስኒ ውስጥ የተቀዳ ቡና ጀበናው ውስጥ ከቀረው ቀድሞ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ሕግ ነው። የተቅማጥም ነገር እንዲሁ ነው፤ ትልቅ ጫጩት አንድ ቀን ሙሉ ልትቋቋመው የምትችለው የፈሳሽ መጠን ከ23 ግራም አካል ሲወጣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለሞት ያደርሳል። በመሆኑም በትንሽ ዝርያ ላይ ሕመሙ የተለየ ባይሆንም ለእርዳታ የሚተርፈው ጊዜ ግን እጅግ አጭር ነው።

የጫጩት በሽታዎች እንደ ወቅት ተራ ጠብቀው የሚመጡ ናቸው። በሦስተኛው ቀን የሚገድለው ነገር በ30ኛው ቀን ከሚገድለው ጋር አንድ የሚሆንበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ስለዚህ የትውልዱን ቀን በቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል የጻፈና ከሥሩ በየዕለቱ የሞቱትን በጭረት የቆጠረ አርቢ፣ የእንስሳት ሐኪም ከመምጣቱ በፊት የምርመራውን ግማሽ ሠርቷል ማለት ይቻላል።

ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ቀን የሚደርሰው ሞት በአብዛኛው ከተላላፊ በሽታ ይልቅ ከአያያዝ ይመነጫል። ጫጩት ቅርፊቱን ሰብራ ከመውጣቷ በፊት ያልተጠቀመችበትን አስኳል በእምብርቷ በኩል ወደ ሆዷ ትስበዋለች፤ ይህ ስንቅ ለሁለትና ለሦስት ቀናት ስለሚያቆያት፣ የቀን ጫጩት የሚባሉት ማለትም ከተፈለፈሉ አንድ ቀን ያህል ብቻ የሆናቸው ጫጩቶች ቀዳዳ ባለው ካርቶን ተጭነው ከከተማ ከተማ ሊጓዙ የሚችሉት በእርሱ ነው። ችግሩ የሚነሳው ስንቁ ሳያልቅ መብላትና መጠጣት ሳይለምዱ ሲቀሩ ነው። በመጓጓዣ የደረቀች ጫጩት ውኃው የት እንዳለ ካላወቀች፣ ወይም በቤቱ ጨለማና ቅዝቃዜ ምክንያት ከጥግ ካልተነሳች፣ አስኳሉ እስኪያልቅ ድረስ ደህና መስላ ትቆይና በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ትወድቃለች። ስለዚህ በአራተኛው ቀን የሚበዛ ሞት ሲታይ መመርመር ያለበት የመጀመሪያው ቀን ነው፤ በዚያን ዕለት ውኃው ለብ ብሎ ቀርቦ እንደነበር፣ የእያንዳንዷ ጫጩት አፍ ውኃ ውስጥ ተነክሮ መጠጣት እንድትለምድ ተደርጎ እንደነበር፣ መኖው በወረቀት ላይ ተበትኖ እንደነበር መጠየቅ ይገባል። በባንታም ጫጩቶች ላይ የሚጨመረው ጥንቃቄ የውኃው ዕቃ ጥልቀት ነው፤ ለሌላ ጫጩት እግር ብቻ የሚያርሰው ሰሐን ለእነርሱ መስጠሚያ ስለሚሆን፣ ንጹሕ ጠጠር ሞልቶ ውኃው በጠጠሮቹ መካከል ብቻ እንዲታይ ማድረግ የተሻለ ነው።

ሙቀትን በሚመለከት፣ የአዋቂ ዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን አዲስ የተፈለፈለች ጫጩት ግን ከዚህ ዝቅ ያለ ሙቀት አላት፤ ራሷንም ለማሞቅ የሚያስችላት ችሎታ የሚጎለብተው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት፣ ላባ አብቅላ ከሞግዚት ሙቀት የምትላቀቀውም ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቷ ጀርባ ከፍታ ላይ የሚለካው ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሆኖ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ቴርሞሜትር የሌለው አርቢ ጫጩቶቹን ራሳቸውን ሊያነብ ይችላል፤ በሙቀት ምንጩ ሥር ተደራርበው ሲጮኹ በርዷቸዋል፣ ከምንጩ ርቀው አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ሞቋቸዋል፣ በቤቱ ሁሉ ተበታትነው ዝም ብለው ሲለቅሙ ተስማምቷቸዋል ማለት ነው። የበለጠ የቀረበ መለኪያም አለ። አንዷን ጫጩት በእጅ አንስቶ የእግሯን መዳፍ ከጉንጭ ጋር ሲያስነኩት ቀዝቃዛ ከሆነ፣ የውስጧ ሙቀት መውረድ ጀምሯል ማለት ነው። የጫጩት ማሳደጊያ ሠራተኞች በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት ይህ ዘዴ ምንም ወጪ የለውም፤ ከሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ብርዱ ሲበረታ መሞከሩ ደግሞ ዋጋውን ያጎላዋል። የበረዳቸው ጫጩቶች እርስ በርስ ሲደራረቡ ከሥር የሚውሉት ታፍነው ይሞታሉ፤ ባንታሞች ከትልቅ ዝርያ ጫጩቶች ጋር በአንድ ላይ ሲያድጉ ከሥር የሚገኙት ሁልጊዜ እነርሱ ናቸው፤ እነዚህን ሁለት መጠኖች ማደባለቅ ለትንሾቹ የሞት ፍርድ ከመሆን ብዙም አይርቅም።

የኤሌክትሪክ ኃይል በሌለበትና በሚቋረጥበት ቤት ሁሉ ከሰል የማሞቂያ ምንጭ ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ሽታም ቀለምም የሌለው ሲሆን፣ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ በመያዝ አካልን ያፍናል። በአንድ ሌሊት ከነበሩት ጫጩቶች እጅግ የሚበዙት አንድም የተቅማጥ ምልክት ሳይታይባቸው፣ ተኝተው እንዳሉ ሞተው ከተገኙ፣ ከበሽታ በፊት ሊጠረጠር የሚገባው የከሰሉ ምድጃ ነው። በዚህ መንገድ የሞተች ጫጩት ደምና ሥጋ ደማቅ ቀይ ሆኖ መታየቱም ለጥርጣሬው ማስረጃ ይሆናል። ጋዙ ሰውንም በዚያው መልክ ስለሚገድል፣ ጫጩት በሚሞቅበት ክፍል ውስጥ ሰው፣ በተለይም ሕፃን ልጅ፣ ፈጽሞ ማደር የለበትም። ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ ጭሱ ከወጣለት በኋላ ቢገባም እንኳ ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ከላይ በኩል የአየር መውጫ ቀዳዳ የግድ ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ የሚያድነው አማራጭ የታቀፈች እናት ዶሮ ናት፤ እርሷ ካልተገኘች ደግሞ በግብርና ባለሙያዎች አማካይነት በኢትዮጵያ የተዋወቀው ሃይ ቦክስ የሚባል፣ ዙሪያውን ጭድ የታጨቀበትና ጫጩቶቹ በራሳቸው የሰውነት ሙቀት የሚሞቁበት የእንጨት ሣጥን ያለ እሳት ሌሊቱን ለማሳለፍ ያስችላል።

በዚሁ የመጀመሪያ ሳምንት የሚታየው ሌላው ምክንያት የእምብርት መመረዝ ነው። እንቁላሉ በኩስ የቆሸሸ ከሆነ ወይም ጎጆው እርጥብ ከሆነ፣ አስኳሉ በገባበት ገና ባልደረቀ እምብርት በኩል ተሕዋስያን ይገባሉ፤ የጫጩቷ ሆድ ይነፋል፣ እምብርቷ ይጠቁራል፣ ከእርሷም መጥፎ ሽታ ይወጣል። እንዲህ የሆነች ጫጩት የመዳን ዕድሏ አነስተኛ ሲሆን፣ መፍትሔውም የሚገኘው በመድኃኒት ሳይሆን ለማስታቀፍ የሚመረጠውን እንቁላል ንጽሕና በመጠበቅ ነው።

ሞቱ ከሁለተኛው ሳምንት መግቢያ ጀምሮ ሲበረታ፣ ኩሱም ነጭና የሚጣበቅ ሆኖ የኩስ መውጫዋን ሲዘጋው፣ ፑሎረም የተባለው በሽታ ይጠረጠራል። ይህን በሽታ የሚያስከትለውን የሳልሞኔላ ባክቴሪያ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ለይቶ ያገኘው አሜሪካዊው ተመራማሪ ሊዮ ሬትገር ነው። የበሽታው ክፋት ከእናቲቱ በእንቁላሉ ውስጥ ሆኖ መተላለፉ ላይ ነው፤ እናት ዶሮዋ ምንም ምልክት ሳይታይባት ትኖራለች፣ ከእርሷ እንቁላል የሚወጡት ጫጩቶች ግን በየጊዜው ያልቃሉ፣ የተረፉትም አድገው እንደ እናታቸው ተሸካሚ ይሆናሉ። በመድኃኒት ሞቱን መቀነስ ቢቻልም ተሸካሚነቱን ማጥፋት ስለማይቻል፣ አንዷ እናት ያስፈለፈለቻቸው ጫጩቶች ደጋግመው በዚሁ ዕድሜ የሚሞቱ ከሆነ፣ እናቲቱን በደም ምርመራ ማስፈተሽና ከመራቢያነት ማውጣት ብቸኛው ዘላቂ መንገድ ነው። በዚሁ ዕድሜ ያለ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ አየር መሳብ ብቻ ከታየ ደግሞ ጉዝጓዙን ማሽተት ይገባል፤ የሻገተ ጭድ ወይም የረጠበ ሰጋቱራ አስፐርጊለስ የተባለውን ሻጋታ ዘር በጫጩቶች ሳንባ ውስጥ ይዘራል፣ ለዚህም የሚያድን መድኃኒት ስለሌለ ጉዝጓዙን በደረቅ መለወጥ ለቀሩት የሚደረግ እርዳታ ነው።

ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጫጩቶችን በብዛት የሚጨርሰው ኮክሲዲዮሲስ ሲሆን፣ አርቢዎች የደም ተቅማጥ ይሉታል። ይህን በሽታ በሰፊው ማየት ተገቢ የሚሆነው፣ በትክክል ከተለየ የሚታከም ሆኖ ሳለ ባለመለየቱ ብቻ ብዙ ጫጩት የሚያስጨርስ በመሆኑ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያም ቫይረስም ያልሆነ፣ አይሜሪያ የተባለ አንድ ሕዋስ ያለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ከታመመች ዶሮ ኩስ ጋር የሚወጣው ዘሩ ኦኦሲስት ይባላል፤ ሲወጣ ገና አይመርዝም፤ ሙቀት፣ እርጥበትና አየር ባገኘበት ጉዝጓዝ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቆይ ግን ይበስላል። ጫጩቷ እየጫረች ስትለቅመው በአንጀቷ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከሁሉ የከፋው አይሜሪያ ቴኔላ የተባለው ዝርያ ከትልቁ አንጀት መጀመሪያ በሚገኙት ሁለት ዕውር አንጀቶች ላይ ይሰፍርና በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ግድግዳቸውን እየቀደደ ያደማቸዋል፤ በሰባተኛው ቀን ገደማ ደግሞ አዲስ ዘር በሺህ እየተቆጠረ በኩስ ይወጣል። እያንዳንዱ ዙር ሳምንት የሚፈጅ በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የተለቀሙት ጥቂት ዘሮች በሁለተኛው ሳምንት ብዙ፣ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ጉዝጓዙን የሚሞሉ ይሆናሉ። «እስከ 20ኛው ቀን አንዲትም አልሞተችም ነበር» የሚለው የአርቢዎች አቤቱታ ትክክል የሚሆነው በዚህ ስሌት ነው።

የሞተችውን ጫጩት ከፍቶ ማየት የሚችል ሰው በዚህ በሽታ ላይ ብዙም አይሳሳትም። እጁን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ሆዷን ከደረት አጥንቱ በታች በምላጭ ከፍቶ አንጀቱን ወደ ውጭ ሲያወጣ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ቀጫጭን ከረጢቶች ያገኛል። በጤነኛ ጫጩት እነዚህ የጣት ጥፍር ስፋት እንኳ ሳይሞሉ ቡናማ ፈሳሽ ይዘው ይገኛሉ፤ በታመመችው ላይ ግን እንደ ተሞላ ቋሊማ አብጠው፣ ከውጭ ጠቆር ያለ ቀይ ሆነው፣ ሲቀደዱም የረጋ ደም ይወጣቸዋል። በሕይወት ያሉት ደግሞ ላባቸውን ነፍተው፣ አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ፤ ቅላታቸው ይገረጣል፤ ጉዝጓዙ ላይ ቀይ ወይም ጥቁር ቡናማ ኩስ ይታያል። በባንታም ጫጩት ላይ ደሙ ሳይታይ ሞቱ ሊቀድም ስለሚችል፣ ደም አለመታየቱ ብቻውን በሽታውን ውድቅ አያደርግም።

ለሕክምናው በስፋት የሚሠራበት መድኃኒት አምፕሮሊየም ነው። ታያሚን የተባለውን ቫይታሚን ቢ-1 መስሎ ወደ ተሕዋሱ በመግባት ቫይታሚኑን የሚነፍገው በመሆኑ፣ ጫጩቶቹ እንዲበረቱ በሚል በዚያው ጊዜ የቢ ቫይታሚን ቅልቅል መስጠት መድኃኒቱን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። የታመሙት መብላት ቢያቆሙም መጠጣት ስለማያቆሙ በውኃ ይሰጣል፤ መጠኑም በማሸጊያው ላይ በተጻፈውና የእንስሳት ሐኪም ባዘዘው መሠረት ሆኖ፣ በእነዚያ ቀናት ሌላ ውኃ በአካባቢው መኖር የለበትም። ወደ ውኃው መሄድ ያቃታቸውን ግን አንድ በአንድ አንስቶ አፋቸውን መንከር ያስፈልጋል። ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ጉዝጓዙ ካልተለወጠ ሕክምናው ሁሉ ከንቱ ነው። ኦኦሲስትን በረኪናም ሆነ ተራ የጽዳት መድኃኒት አይገድለውም፤ የሚገድለው የፈላ ውኃ፣ የፀሐይ ሙቀትና ፍጹም ድርቀት ነው። አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ በእጅ ተጨብጦ ሲለቀቅ ከተበተነ ደረቅነቱ በቂ ነው፤ እንደ ሊጥ ተያይዞ ከቀረ ግን ዘሩ የሚበስልበት እርሻ ሆኗል ማለት ነው። በክረምት፣ ጣሪያው በሚያፈስበትና ውኃ መጠጫው በሚደፋበት ማዕዘን ላይ በሽታው የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈንግል ዕድሜ አይመርጥም። በሳይንሳዊው አጠራር የኒውካስል በሽታ የተባለው በእንግሊዝ አገር የኒውካስል ከተማ አካባቢ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. በመታየቱ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በጃቫ ደሴትም፣ ባንታም ስሟን ባገኘችበት ምድር፣ ተመዝግቧል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ የአንገት መጠምዘዝና የክንፍ መውደቅ ምልክቶቹ ሲሆኑ፣ በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ ከያዘ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ከደም ተቅማጥ ለመለየት የሚያገለግል አንድ ጥሩ መለኪያ እናቲቱን ማየት ነው፤ ኮክሲዲዮሲስ ጫጩቶቹን ወስዶ እናቲቱን ሲተዋት፣ ፈንግል ግን ያልተከተበች እናትንና የጎረቤትን ዶሮ ጭምር ይጠርጋል። የተከተበች እናት መከላከያዋን በአስኳሉ በኩል ለጫጩቶቿ ታወርሳለች፤ ውርሱ ግን በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ስለሚሟጠጥ፣ በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ የሚሰጠውን ክትባት በኋላ በሚሰጥ ሌላ ክትባት ማጠናከር ያስፈልጋል። ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው የመንግሥት ተቋም የሚመረት ሲሆን፣ ሙቀትን በተሻለ የሚቋቋመውና «አይ-2» የተባለው ዓይነት ማቀዝቀዣ ለሌለበት ገጠር የሚስማማ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃና ከተበጠበጠ በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ ማለቅ ያለበት በመሆኑ፣ አሥር ጫጩት ያላት አርቢ ብቻዋን ከመግዛት ይልቅ ከጎረቤቶቿ ጋር በአንድ ቀን ብታስከትብ ወጪውም ብክነቱም ይቀንሳል። በውኃ የሚሰጥ ክትባት ከሆነ፣ በከተማ ቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ክትባቱን ስለሚገድለው ሌላ ንጹሕ ውኃ መጠቀም ይገባል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ወደ ገበያ ወጥታ ሳትሸጥ የተመለሰች ዶሮ የፈንግል ዋና አምጪ በመሆኗ፣ ከጫጩቶቹ ተለይታ ቢያንስ ሦስት ሳምንት መቆየት ይኖርባታል።

ጉምቦሮ የተባለው ሌላው የቫይረስ በሽታ ስሙን ያገኘው በአሜሪካ የደላዌር ግዛት ከሚገኝ አነስተኛ ከተማ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም በቢሾፍቱ ስለተነሳ ወረርሽኝ በ2005 እ.ኤ.አ. ጥናት ታትሟል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ ያሉትን ያጠቃል፤ ሞቱ በድንገት ጀምሮ በሦስትና በአራት ቀን ከፍ ብሎ በሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ከኩስ መውጫቸው አጠገብ ያለውን የመከላከያ እጢ ስለሚያጠፋባቸው የተረፉት ከዚያ በኋላ የሚሰጣቸው የፈንግል ክትባት በቅጡ አይዝላቸውም። ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ አንድ እግር ወደ ፊት፣ አንድ እግር ወደ ኋላ ዘርግቶ መውደቅ ከታየ ደግሞ፣ የሃንጋሪው የእንስሳት ሐኪም ዮዜፍ ማሬክ በ1907 እ.ኤ.አ. የገለጸው የማሬክ በሽታ ይጠረጠራል፤ ሲብራይትና ሲልኪ የተባሉት ጌጠኛ ዝርያዎች ለዚህ በሽታ በጣም ተጋላጭ መሆናቸው ይታወቃል። ክትባቱ በተፈለፈሉበት ቀን የሚሰጥ ነው።

በሁሉም ዕድሜ ላይ መኖን መጠርጠር ተገቢ ነው። ለእንቁላል ጣይ ዶሮ የተዘጋጀው መኖ ብዙ ካልሲየም ስላለበት የጫጩትን ኩላሊት ይጎዳል፤ ጨው የበዛበት የወጥ ትርፍራፊ ለአዋቂዋ ዶሮ ምንም ሳይላት ጫጩቷን ይገድላል፤ የሻገተ በቆሎ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ይዞ ጉበትን ያጠፋል።

ጫጩት መሞት ሲጀምር በብዙ ቤት የመጀመሪያው እርምጃ ለሰው የተዘጋጀ የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ ውኃ ውስጥ መበተን ነው። ይህ ልማድ ጉዳት ያለው ነው። መድኃኒቱ የበረዳትን አያሞቅም፣ ኦኦሲስትን አያጠፋም፣ የፈንግልን ቫይረስ አይነካም፤ በምትኩ ትክክለኛው ሕክምና ሊጀመርባቸው የሚገቡትን ሁለት ቀናት ይበላል፣ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችንም ለቤተሰቡ ጭምር ያተርፋል። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ መስጠት እናቶች ያቆዩት ልምድ ሲሆን፣ ጫጩቷ ውኃ እንድትጠጣ እስካላገደ ድረስ የከፋ ጉዳት የለውም፤ ክትባትንና ምርመራን የሚተካ ሆኖ ሲታሰብ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

የዕድሜው ቀንና ምልክቱ ካልተስማሙ፣ ወይም በአንድ ቀን ከአሥር ጫጩት ሁለት ከሞቱ፣ ወደ ቅርብ የእንስሳት ክሊኒክ መሄድ ይገባል። ለምርመራ የሚሻሉት ምልክቱ ያለባቸው በሕይወት ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ጫጩቶች ናቸው፤ የሞተች ከሆነ በሞተችበት ዕለት፣ በሁለት ላስቲክ ተጠቅልላ፣ በበረዶ ቀዝቅዛ መድረስ አለባት። በማቀዝቀዣ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከደረቀች ግን የአንጀቷ ሕዋሳት ስለሚፈነዱ ምርመራው ይበላሻል። የቀሩት ሬሳዎች ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበራሉ ወይም ይቃጠላሉ፤ ሬሳውን የነካ እጅም ሳልሞኔላ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ በሳሙና ይታጠባል። ከጫጩቷ ጋር የሚሄደው ወረቀት የተፈለፈሉበትን ቀን፣ የመጀመሪያዋ የሞተችበትን ቀን፣ በየዕለቱ የሞቱትን ቁጥር፣ የተሰጠውን መኖ፣ ክትባትና መድኃኒት ይይዛል፤ እርጥበቱ ጽሑፉን እንዳያጠፋውም ከላስቲኩ ውጭ ይታሰራል።